ለሞተር የሚስማማው ብርድ ለጎማ አይስማማም

በስፖርት መኪና ጥገናና ማስተካከያ ሥራ ላይ የተሰማራ ባለሙያ በየዕለቱ ከሚመዘግባቸው ቁጥሮች መካከል የአየሩ ሙቀት ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ነገር ቢታይም፣ የሞተሩን ጉልበትም ሆነ ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበትን አቅም በአንድ ጊዜ የሚለውጥ በመሆኑ ከዘይቱ ዓይነትና ከጎማው ንፋስ እኩል ሊጻፍ ይገባዋል። ችግሩ ሁለቱ የሚፈልጉት የአየር ጠባይ ተቃራኒ መሆኑ ነው፤ ሞተር ብርድ ይወዳል፣ ጎማ ደግሞ ሙቀት። ስለዚህ መኪናው ከፍተኛ ጉልበት የሚያወጣበት ብርዳም ማለዳ፣ ያንን ጉልበት ወደ መሬት ለማውረድ ይበልጥ የሚቸገርበትም ማለዳ ነው።

ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን ሲሆን፣ 1 ግራም ቤንዚን ተስተካክሎ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየር ሲሞቅ ስለሚሰፋ እፍጋቱ፣ ማለትም በተወሰነ ቦታ ውስጥ የሚገኘው መጠኑ፣ ይቀንሳል፤ በባሕር ወለል ላይ 1 ሜትር ኩብ አየር በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.225 ኪሎ ግራም ሲመዝን በ40 ዲግሪ ወደ 1.13 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ያለ ተርቦ የሚሠራውና 510 የፈረስ ጉልበት ያለው የፖርሽ 911 ጂቲ3 ባለ 4 ሊትር ሞተር፣ በደቂቃ 9,000 ዙር ሲሽከረከር፣ በቀላል ስሌት በየሰከንዱ 300 ሊትር አየር ይስባል። ይህ አየር በ15 ዲግሪ 367 ግራም፣ በ40 ዲግሪ ግን 338 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ሞተሩ በሙቀት ምክንያት ብቻ በየሰከንዱ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ አየር ያጣል።

የጉልበት መለኪያ የሆነው ዳይኖ የሚያሳየው ቁጥር በዚሁ ምክንያት ይታረማል። አይኤስኦ 1585 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ 25 ዲግሪን መነሻ የሚያደርግ ሲሆን፣ በቀመሩ መሠረት ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር 45 ዲግሪ የደረሰ አየር ሲስብ ከጉልበቱ 4 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ ይህም ለ510 የፈረስ ጉልበት 20 ገደማ ነው። በሁለት የተለያዩ ቀናት የተለኩ ውጤቶችን ሳያርም የሚያነጻጽር ባለሙያ የለካው መኪናውን ሳይሆን የቀኑን አየር ሊሆን ይችላል። ከፍታ ደግሞ ከሙቀትም ይበልጣል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል።

ተርቦ የተገጠመለት ሞተር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በከፊል ይሸፍናል። ሆኖም የታመቀ አየር ስለሚግል ኢንተርኩለር በሚባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ የውጩ አየር ራሱ ሲሞቅ ማቀዝቀዣው ሥራው ይከብደዋል፣ ነዳጁም የካንዴላው እሳት ሳይደርሰው በራሱ ጊዜ የሚፈነዳበት ማንኳኳት የሚባለው ችግር ይቀርባል። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን ለመከላከል ካንዴላው የሚለኩስበትን ቅጽበት ስለሚያዘገይ ጉልበቱ ይወርዳል። በዱባይ የሐምሌ ቀትር «መኪናው ደከመብኝ» የሚል ባለቤት እውነቱን ነው፤ የተበላሸ ዕቃ ግን ላይኖር ይችላል።

ጎማ መንገድ የሚይዘው ላስቲኩ በአስፋልቱ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ሲሰምጥና ገጹ ከጠጠሩ ጋር ለቅጽበት ሲጣበቅ ነው፤ ለሁለቱም ላስቲኩ መለስለስ አለበት። ለሞቃት ወራት የተሠራ ጎማ ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች እየደረቀ ሲሄድ፣ ለውድድር የተሠራው ደግሞ በሚገባ የሚይዘው በአብዛኛው ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የተጀመረው የላስ ቬጋስ የፎርሙላ 1 ውድድር ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ የበረሃው ሌሊት ብርድና 2 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቀጥ ያለ ጎዳና ጎማውን ስላቀዘቀዙት፣ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሳይቀር መኪኖች ተንሸራተዋል። ያልሞቀ ጎማ በኃይል ሲንሸራተት ገጹ ተፍቆ ፍርፋሪ ያወጣል፤ ፍርፋሪውም መልሶ በጎማው ላይ ይለጠፍና በላስቲኩና በአስፋልቱ መካከል እንደ ተበተነ አሸዋ ይሆናል።

በዚህ ላይ 2.3 ባር የተሞላ ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር 0.1 ባር ያህል ንፋስ ስለሚያጣ፣ ቀትር ላይ የተስተካከለ ልክ ለማግስቱ ማለዳ አይሆንም። ጠንቃቃ ባለሙያ የአየሩንና የአስፋልቱን ሙቀት ለየብቻ ይለካል፤ መኪናው ከሙከራ እንደተመለሰም በጎማው ውስጠኛ ጠርዝ፣ መሃልና ውጨኛ ጠርዝ ላይ መርፌ ያለው ቴርሞሜትር እያስገባ ሦስቱን ቁጥሮች ይጽፋል።

መኪናውን ለባለቤቱ ሲያስረክብ ደግሞ አንድ ነገር መንገር ግዴታው ነው። በብዙ መኪኖች የዳሽቦርድ መቁጠሪያ የውኃውንና የዘይቱን ሙቀት እንጂ የጎማውን አያሳይም፤ አሽከርካሪው የውኃውና የዘይቱ ቀስቶች መሃል ሲደርሱ መኪናው እንደተዘጋጀ ቆጥሮ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይረግጣል። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ለመሮጥ ተዘጋጅቷል፣ አራቱ ጎማዎች ግን ገና ከቆሙበት ግቢ ብርድ አልተላቀቁም።