ቅዝቃዜው በየት በኩል ይወጣል?

ዴም ሳለሁ ሥራዬ የማቀዝቀዣ ጥገና ነበር። ከሚያዝያ 2015ቱ የሱዳን ጦርነት በፊት የእኛ ሰው በብዛት ይኖርበት በነበረው በዚህ የካርቱም ሰፈር፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር ስልኬ ፋታ አልነበረውም። የብዙዎቹ ደንበኞቼ ቅሬታ አንድ ነበር፤ «ስፕሊቱ ይሠራል፣ ቤቱ ግን አይቀዘቅዝም።» ጋዙን ለክቼ ሙሉ ከሆነ ዞር ብዬ በሩን አያለሁ። ከብረት በሩ ሥር ጣት የሚያሾልክ ክፍተት አለ፤ ሃቡብ የሚባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው አቧራ በዚያው ገብቶ ወለሉ ላይ መስመር ሠርቷል። አቧራ ያስገባ ቀዳዳ ቅዝቃዜም ያስወጣል።

የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች የለመዱት ሙከይፍ ሞያን፣ በውኃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ነው። እሱ የውጭውን ደረቅ አየር ውኃ በጠጣ ገለባ አሳልፎ ያስገባል። የገባው አየር መውጫ ካጣ ክፍሉ በእርጥበት ይታፈናል፤ ስለዚህ መስኮት ገርበብ ይደረግለታል። ስፕሊት ግን የክፍሉን አየር ደጋግሞ እየሳበ ስለሚያቀዘቅዝ የተዘጋ ቤት ይፈልጋል። ብዙ ሰው ማሽኑን ቀየረ እንጂ ቤቱን አላዘጋጀለትም።

በአንዳንድ አገሮች የቤት ክፍተት በግምት አይታለፍም፣ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስዊድን ውስጥ የተጀመረው ዘዴ ቀላል ነው። በርና መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል፤ በአንዱ በር ላይ ሸራ ተወጥሮ ማራገቢያ ይገጠምና የቤቱ አየር ወደ ውጭ ይሳባል። የውስጡ ግፊት ከውጭው በ50 ፓስካል ሲያንስ፣ ማራገቢያው በሰዓት ያወጣው አየር ለቤቱ ይዘት ይካፈላል። 60 ሜትር ኩብ ከሆነ ክፍል በሰዓት 600 ሜትር ኩብ ከወጣ ውጤቱ 10 ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ግዛቶች የተከተሉት የእ.ኤ.አ. 2012 የኢነርጂ ኮድ በጣም ሞቃት ለሆነው አካባቢ ከ5፣ ለሌላው ከ3 እንዳይበልጥ ያዝዝ ነበር። የጀርመኑ የፓሲቭ ሃውስ የግንባታ መስፈርት ደግሞ 0.6 ላይ ይገድበዋል።

መሣሪያው የሌለው ሰው ቀዳዳውን በዕጣን ጭስ ሊያገኘው ይችላል። ቤቱን ዘግታችሁ የማዕድ ቤቱን አየር ማውጫ አስነሱ፤ የሚጨስ ዕጣን በመስኮቱ ጠርዝ፣ በበሩ ሥር፣ ቱቦ ግድግዳ በበሳበት ቦታ ሁሉ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጭሱ ወደ ክፍሉ የተገፋበት ቦታ ላይ ክፍተት አለ። ለመስኮቱ ጎማ፣ ለግድግዳው ሲሊኮን፣ ለበሩ ሥር ብሩሽ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ቤት በጠበቀ ቁጥር ንጹሕ አየር የሚገባበት የታወቀ መንገድ ሊኖረው ይገባል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት ይገድላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳይነቃበት ያደክመዋል። ቤት የምታሠሩ ሁሉ የክፍተት ምርመራንና የአየር ማስገቢያን ከኮንትራክተሩ ጋር በምትፈርሙት ውል ላይ ጻፉ፤ ሁለቱም ሳይሟሉ የመጨረሻውን ክፍያ አትክፈሉ።