የልብወለድ ሠርግና የታሪክ ሠርግ

አርባ ምንጭ ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ በ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ያዩትን ሠርግ እያነሡ «ድሮ እንዲህ ነበር?» ይሉኛል።

ከፊሉ ነበር። የሐድያው ገራድ (ገዥ) ልጅ እሌኒ ለዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የተዳሩት ለፖለቲካ ነው። ልብወለድ ግን ሙሽራይቱን ብዙ ጊዜ ሠርጉ ላይ ይተዋታል፤ እሌኒ በ1508 ሕፃኑ ልብነ ድንግል ሲነግሥ አገር ይመሩ ነበር።

ጌታው የጭሰኛውን ሙሽራ በመጀመሪያው ሌሊት ይወስዳል የሚለውስ? በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ እንዲህ ያለ ሕግ ስለመኖሩ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። እንዲያውም ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ጋብቻ አይጸናም ትል ነበር። ቤተሰብ ማስገደዱን ተወ ማለቴ አይደለም!

ደራስያን የሚዘሉት ውሉንና ማኅበረሰቡን ነው። በ1520ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ፣ እዚህ ተጋቢዎች ውል እንደሚገቡና ውሉን ያፈረሰ ቅጣት እንደሚከፍል ጽፏል። በጋሞ ደጋ ደግሞ ከራስ ጎሳ ማግባት ነውር ነው፤ በመስቀል ሰሞን አዲስ ሙሽሮች «ሶፌ» ወጥተው ገበያ ይዞራሉ። ገበያ የሚወጣ ሙሽራ ያለበት የምናብ ልብወለድ ካነበባችሁ ጠቁሙኝ።