ዘንበል ያለችው ቪየና

ዛሬ የምናወራው ስለ «ሦስተኛው ሰው» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ የካሮል ሪድ ፊልም።

ጦርነቱ አልቋል፤ ቪየናን አራት መንግሥታት ተከፋፍለዋታል፤ መድኃኒት እንደ ልብ አይገኝም። ሆሊ የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ ጓደኛውን ሃሪን ብሎ ሲመጣ፣ «ሞቷል» ይሉታል። ቆይቶ ጉዱ ይወጣል፦ ሃሪ ፔኒሲሊን እየበረዘ በጥቁር ገበያ ይሸጥ ነበር። በዚያ መድኃኒት የተጎዱትን ሕፃናት ካሜራው አያሳየንም፤ የምናየው ሆሊ ሲያያቸው ፊቱን ብቻ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። ሃሪን የሚጫወተው ኦርሰን ዌልስ እኮ ሲያወራ ደስ ይላል፣ ትወዱታላችሁ!

ካሜራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘንበል ይላል። የኒው ዮርክ ታይምሱ ሃያሲ ቦስሊ ክራውዘር የሪድን ችሎታ አድንቆ፣ ፊልሙ ግን በደንብ ከተሠራ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ አያልፍም አለ። እኔ አልስማማም። ማንን ማመን እንዳለብህ በማታውቅበት ከተማ ግድግዳው ቀጥ ቢል ነበር ውሸት የሚሆነው። ካን ትልቁን ሽልማት ሰጠው፤ ካሜራማኑ ሮበርት ክራስከርም ኦስካር ወሰደ። በ1999 የብሪታንያ ፊልም ተቋም ባሰባሰበው ድምፅ ከእንግሊዝ ፊልሞች አንደኛ ወጣ።

መጨረሻውም አከራክሯል። ጸሐፊው ግራሃም ግሪን ሆሊና የሃሪ ፍቅረኛ የነበረችው አና እንዲቀራረቡ ፈልጎ ነበር፤ ሪድ እምቢ አለ። አና ረጅሙን መንገድ ተራምዳ፣ ሆሊን ዞር ብላ እንኳ ሳታየው ታልፋለች። ግሪን ኋላ «ሪድ ልክ ነበር» ብሏል።