የኮልፖስኮፒ ሂሳብዎ ላይ ያለው ኮድ ትክክል ነው? አሜሪካ ለሚኖሩ ታካሚዎች

የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ (ፓፕ ስሚር ወይም የኤችፒቪ ምርመራ) ውጤትዎ ክትትል የሚፈልግ ከሆነ ሐኪምዎ ኮልፖስኮፒ ሊያዝልዎ ይችላል። ኮልፖስኮፒ የማህፀን በርን በሚያጎላ መሣሪያ በቅርበት የማየት ምርመራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ክሊኒኩ ለኢንሹራንስዎ የሚልከው ሂሳብ የተሠራውን ሥራ የሚገልጸው ሲፒቲ በተባለ ባለ 5 አኃዝ ኮድ ነው። በኮዱ ውስጥ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ከእርስዎ የሚጠየቀው ገንዘብ ሊለወጥ ይችላል።

ኮዱ የሚመረጠው እንዴት ነው?

ወሳኙ በቀጠሮው ጊዜ የታሰበው ሳይሆን በዕለቱ የተሠራው ነው።

• 57452፦ ሐኪሙ በመሣሪያው ካየ በኋላ ናሙና ካልወሰደ
• 57455፦ ከማህፀን በር ላይ ናሙና (ባዮፕሲ) ከተወሰደ
• 57456፦ ከማህፀን በር ውስጠኛ መተላለፊያ ህዋሳት ተፍቀው ከተወሰዱ
• 57454፦ ባዮፕሲውም ፍቆ መውሰዱም በአንድ ቀጠሮ ከተደረጉ

ባዮፕሲው ከ2 ወይም ከ3 ቦታ ቢወሰድም ኮዱ የሚጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለአንድ ቀጠሮ 57455 እና 57456 ተለያይተው ተጽፈው ካዩ ይጠይቁ፤ ሁለቱን አጠቃሎ የሚይዘው 57454 ነው።

ሁለተኛ ሂሳብ ለምን ይመጣል?

ናሙና ከተወሰደ የሚመረምረው ላቦራቶሪ የራሱን ሂሳብ ሊልክ ይችላል። የተለመደው ኮድ 88305 ነው። ይህ ኮድ ለየብቻ ተለይቶ ለተላከ ለእያንዳንዱ ናሙና ስለሚቆጠር ከአንድ በላይ ሆኖ ቢያዩት ስህተት ነው ማለት አይደለም።

ምን ማድረግ ይችላሉ?

1. ከቀጠሮው በፊት ክሊኒኩን የትኞቹ ኮዶች ሊጻፉ እንደሚችሉ ይጠይቁ። ከዚያ ኢንሹራንስዎ ጋር ደውለው ለእያንዳንዱ ኮድ ከእርስዎ የሚጠበቀውን ክፍያ ይጠይቁ። ቅድመ ምርመራው በነፃ ቢሆንም ኮልፖስኮፒው እንደ ኢንሹራንስዎ ዓይነት ሊያስከፍል ይችላል።
2. ኢንሹራንሱ የሚልክልዎት መግለጫ ሂሳብ አይደለም። በእሱ ብቻ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ከክሊኒኩ ሂሳብ ጋር ያስተያዩት።
3. ዝርዝር ሂሳብና ሐኪሙ ስለ ምርመራው የጻፈውን ማስታወሻ ይጠይቁ። የሕክምና መዝገብዎን የማግኘት መብት አለዎት። ማስታወሻው «ናሙና አልተወሰደም» የሚል ሆኖ ሂሳቡ ላይ 57455 ካለ ስህተት አለ ማለት ነው።
4. ስህተት ካገኙ የክሊኒኩ ሂሳብ ክፍል አርሞ ለኢንሹራንሱ እንደገና እንዲልክ ይጠይቁ። የግል ኢንሹራንስዎ አልከፍልም ካለ፣ ውሳኔው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላሉ።

ክፍያው እንዲቀንስ ብለው ሐኪምዎ ያልተሠራ ነገር እንዲጽፍ አይጠይቁ። ይህ በሕግ ያስጠይቃል፤ የሕክምና ታሪክዎንም ያዛባል።

እንግሊዝኛ ከከበደዎት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። ስለዚህ የማህፀን ጉዳይዎን በልጅዎ ወይም በዘመድዎ አፍ ለመናገር አይገደዱም።

ሂሳቡን ፈርተው ግን ከቀጠሮው አይቅሩ። በማህፀን በር ላይ የሚታየው ለውጥ ወደ ካንሰር የሚያድገው አብዛኛውን ጊዜ በዓመታት ስለሆነ በጊዜው ከተገኘ መታከም ይችላል። የተሳሳተ ኮድ ከወራት በኋላም ይታረማል። ክትትሉ ግን መዘግየት የለበትም።