የመስታወት ማሳ

ጀውሃ ላይ አኳሪየሜን የሚያይ ሰው ሁሉ ስለ ዓሦቹ ይጠይቀኛል። የእኔ ልብ ግን ተክሎቹ ላይ ነው። ብርሃን፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሲየም፣ ብረት ይሻሉ፤ ይህን ሽንኩርት የሚያለማ የሸዋ ሮቢት ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

የሚያንገበግበኝ ግን አንድ የተሳሳተ እምነት ነው፦ መስታወቱ ዋቅላሚ፣ ማለትም አልጌ፣ ከለበሰ ምግብ በዝቷልና አስርበው ይባላል። እኔም አምኜ ውሃውን በየቀኑ ቀየርኩ፤ የዓሦቹንም ምግብ ቀነስኩ። ዋቅላሚው ጭራሽ ባሰበት፤ ቅጠሎቹ ላይ እንደ ፀጉር በቀለ።

አንድ ቀን ሽንኩርት አልሚው ጎረቤቴ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ተርቧል። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኗል፤ ለጋው ደህና ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ተክል ናይትሮጅን ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለለጋው ይሰጣል። ብረትን ግን እንዲህ ማዛወር ስለማይሆንለት፣ ብረት ሲያጣ የሚገረጣው ለጋው ነው። ዋቅላሚ በጥቂት ምግብ ይኖራል፤ የተራበ ተክል ግን ማደጉን ያቆምና ብርሃኑንም ቦታውንም ይለቅለታል።

«ትንሽ ዩሪያ ጣልበት» አሉኝ ቀጥለው። እዚህ ላይ አልተስማማንም። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ ለማሳ ፍቱን ነው። ውሃ ውስጥ ግን ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል፤ አንደኛው ብዙም አይጎዳም፣ ሌላው የዓሣን ስንጥብ አቃጥሎ ይገድላል። ፒኤቹ 8 በሆነ ውሃ፣ 20 ዲግሪ ላይ ገዳዩ ከመቶ 4 እጅ ያህል ነው፤ 30 ዲግሪ ላይ ወደ 7.5 ይወጣል። ያው አንድ ቁንጥር ማዳበሪያ በቆላው ሙቀት መርዝነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ተሳክቶልኛል ብላችሁ እዚህ የምትሞክሩ፣ እባካችሁ ተዉ።

እኔ መስታወቱን ከመስኮቱ አራቅኩ፤ መብራቱን በቀን ለ8 ሰዓት ብቻ አደረግኩ። ዓሦቹን እንደ ቀድሞው መመገብ ጀመርኩ፤ ከእነሱ የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ናይትሬት ያደርጉታል፣ ተክሎቹም ይመገቡታል። ሴራቶፊለም የሚባለውን የውሃ ተክልም ጨመርኩ፤ ሥር ስለሌለው ምግቡን በቀጥታ ከውሃው ይመጥጣል። በአራተኛው ሳምንት አዲሶቹ ቅጠሎች ንጹሕ ሆነው ወጡ፤ ፀጉር ያበቀሉትን አሮጌዎቹን በመቀስ ቆርጬ አወጣሁ።

አሁን በየሳምንቱ ሲሶውን ውሃ ብቻ እቀይራለሁ። ጎረቤቴ እንዳይደፋ ብለው አዘውኛል፤ ባልዲ ይዘው ይመጡና ለቃሪያ ችግኛቸው ይወስዱታል።