ከዊኪ ገጽ ወደ ቤት ፋይል የሚመራው ማስፈንጠሪያ ስለ ምን አይከፈትም?

ዊኪ የሚባለውን ድረ ገጽ በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመረው አሜሪካዊው ዋርድ ካኒንግሃም ነው፤ ስሙም ከሃዋይ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው «ፈጣን» ማለት ነው። አንባቢው ራሱ ገጹን ማረምና መጨመር ስለሚችል፥ የብራና መጻሕፍትን ዝርዝር በኅብረት ለሚያዘጋጁ ሰዎች እጅግ የተመቸ ነው። ዝርዝሩ በዊኪው ይጻፋል፤ የብራናው ፎቶግራፍ ግን ብዙ ቦታ ስለሚይዝ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ይቀመጥና ወደ እርሱ የሚመራ ማስፈንጠሪያ ይደረግለታል። ነገር ግን ማስፈንጠሪያው ሲነካ ዝም ይላል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ፎቶግራፉ የጠፋ ይመስለውና ብራናውን እንደ ገና ገልጦ ሊያነሣ ይነሣል፤ አሮጌ ብራና ደግሞ በተገለጠ ቍጥር ይጐዳል።

ፋይሉ ግን አልጠፋም። የድረ ገጽ አድራሻ «ኤችቲቲፒ» ብሎ ሲጀምር፥ ጽሑፉ በመርበብ በኩል ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣ መሆኑን ያመለክታል። «ፋይል» ብሎ የሚጀምረው ግን አንባቢው ከተቀመጠበት ከዚያው ኮምፒውተር የሚገኘውን ነው። ፋየርፎክስና ክሮም የተባሉት ማሰሻዎች ከመርበብ የመጣ ገጽ ወደ ቤት ፋይል እንዲመራ አይፈቅዱም። ይህም በከንቱ አይደለም፤ ቢፈቀድ ኖሮ፥ በደጀ ሰላም የቆመ እንግዳ ዕቃ ቤቱን ራሱ ይክፈት እንደ ማለት ይሆን ነበር። በማሰሻዎቹ ላይ የሚነቀፍ ነገር ቢኖር በሩን መዝጋታቸው ሳይሆን መዝጋታቸውን አለመናገራቸው ነው፤ ምክንያቱን የሚጽፉት ለፕሮግራም ሠሪዎች በተዘጋጀ ስውር መስኮት ነውና። የዊኪፔድያ መሠረት የሆነው ሚዲያዊኪም፥ አስተዳዳሪው ካልፈቀደለት በቀር እንዲህ ያለውን አድራሻ ማስፈንጠሪያ አያደርገውም።

ቀድሞ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሚገኙ ገጾች ይህን ይፈቅድ ነበር፤ እርሱም በ2022 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱ አበቃ። ዛሬ ለአንድ ጊዜ የሚበቃው ዘዴ አድራሻውን ገልብጦ በማሰሻው የአድራሻ ሥፍራ መለጠፍ ነው፤ ገጹ ሳይሆን ሰውየው ራሱ ስለ ጠየቀ ይከፈትለታል። በፋየርፎክስም የታወቀ አንድ ድረ ገጽ በስሙ ተለይቶ እንዲፈቀድለት ማድረግ ይቻላል። ለሁሉም ገጾች መፍቀድ ግን ጥበቃውን ማፍረስ ነው።

በሩ ቢከፈትም ሌላ እንቅፋት ይቀራል። አንዱ ጸሐፊ በራሱ ኮምፒውተር የጻፈው አድራሻ በሌላው ሰው ኮምፒውተር ዘንድ የሌላ ሥፍራ አድራሻ ነው፤ ስለዚህ ለጸሐፊው የተከፈተው ማስፈንጠሪያ ለጓደኛው ባዶ ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው እንግዲህ የፎቶግራፉን አነስተኛ ቅጂ በዊኪው ላይ መጫን ነው። ትልቁ ዋና ፋይል በቦታው ይኑር፤ የሚገኝበትም ኮምፒውተርና አቃፊ ከብራናው ቍጥር አጠገብ በተራ ጽሑፍ ይመዝገብ።