ምድጃው በየት በኩል ይተንፍስ?

ባለፈው ክረምት ሚኒሶታ ወዳጆቼ ቤት የእንጨት ምድጃ ከብበን ስንጫወት፣ የቤቱ እመቤት ሽንኩርት ልታቁላላ ብላ የኩሽናውን የጭስ መሳቢያ ማራገቢያ ከፈተችው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ምድጃው ጭሱን ሳሎን ውስጥ ለቀቀው! «ጭስ ማውጫው ተደፍኖ ነው» ተባለ። አንዱ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ገርበብ ቢያደርገው ግን እሳቱ ቦግ አለ። ለካስ ምድጃው አየር አጥሮት ኖሯል።

አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት በደንብ ለመንደድ ቢያንስ 5 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይፈልጋል። የሣር ክዳን ጎጆ ለዚህ አይቸገርም፤ ጭሱ በክዳኑ ሾልኮ ይወጣል፣ አየሩ በበሩና በስንጥቁ ይገባል። የዛሬ ቤት ግን ሙቀት እንዳያመልጥ ስንጥቁ ሁሉ ተደፍኗል። ማራገቢያው አየሩን ወደ ውጭ ሲያወጣ ቤቱ የጎደለውን ባገኘው ቀዳዳ መልሶ ይስባል፤ ትልቁ ቀዳዳ ደግሞ ጭስ ማውጫው ነው። ከጭሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመጣል፤ አገር ቤት ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎችን ሳይነቁ የሚያስቀረው፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ያው ገዳይ።

ስለዚህ ለምድጃው የራሱን አፍንጫ እንስጠው! ግድግዳው ይበሳና ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ኢንች ስፋት ያለው የብረት ቱቦ ከምድጃው የአየር መግቢያ ጋር ይገጠማል። የውጪው አፍ አይጥ እንዳይገባበት በሽቦ ወንፊት ይሸፈናል፤ ቤት ውስጥ ያለው ክፍል ደግሞ በብርዱ እንዳያልበው ይጠቀለላል። አሜሪካ ውስጥ በፋብሪካ ተሠርተው ለሚመጡ ቤቶች ምድጃው አየሩን ከውጭ እንዲወስድ የፌዴራል ደንቡ ያስገድዳል። ሁሉም ምድጃ ግን ለዚህ አልተሠራም፤ ከመብሳታችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ።

እኔን የሚገርመኝ የቀዳዳው ቦታ ነው። ቱቦው ከእሳቱ በላይ ከወጣ፣ ትኩስ አየር ሽቅብ ስለሚሄድ፣ አየር ማስገቢያ ያላችሁት ራሱ ጭስ ማውጫ ሊሆን ይችላል፤ ያውም እሳት እንዲችል ያልተሠራ! ስለዚህ ከጣሪያ ሥር አትሳቡ። ከመኪና ጋራዥም እንዲሁ፤ የቤንዚን ትነት አለ። በረዶ የሚከመርበትም ቦታ አይሆንም።

ቱቦ ቢገባም የምድጃው በር ሲከፈት ጭስ ሊወጣ ይችላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መኝታ ቤታችሁ አጠገብ ስቀሉ፤ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ሳትተኙ ባትሪውን ሞክሩት።